ከሒሳብ ሸሽተን የገባንበት ትምህርት

አዲስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ በየዓመቱ ሲቃረብ፥ እኛን የሥነ ልቡና ተማሪዎችን በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ፥ በቤተ መጻሕፍት ደጃፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ልብስ በምናጥብበት ቦታ ሳይቀር እየያዙ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ስለ ሰው ባሕርይ አይደለም፤ ስለ ሕልም ፍቺም አይደለም። «ሒሳብ አለው ወይ?» የሚል ነው።

ጠያቂው የሚጠብቀው መልስ ምን እንደ ሆነ ከፊቱ እናነበዋለን፤ እኛም በጊዜያችን ያንኑ ጠይቀን ያንኑ መልስ ጠብቀን ነበርና። የዚያን ጊዜ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፥ እጅግ የተረጋጋ ሰው፥ ሻዩን እያማሰለ «የለውም፤ ጥቂት የመቶኛ ነገር ብቻ ናት» ብሎ አሰናበተን። ይህን ሰው ዛሬም አንቀየመውም፤ ምናልባት እርሱንም ሌላ ሰው እንዲሁ አሰናብቶት ይሆናል። ነገር ግን የነገረን እውነት ስላልነበረ፥ እውነቱንም የሚነግረን ጽሑፍ ፈልገን ስላጣን፥ እነሆ በዚህ መጽሔት ላይ የደረሰብንን ለማስፈር ተነሣን።

«እኛ» ስንል አራት ነን። አንዱ ከደሴ፥ አንዷ ከጅማ፥ አንዷ ከደብረ ማርቆስ፥ አንዱ ከአዲስ አበባ። በመጀመሪያ ያገናኘን ወዳጅነት ሳይሆን የጋራ ፍርሃት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። የደሴው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በሰሌዳ ፊት ቆሞ ሁለት ክፍልፋዮች መደመር አቅቶት ክፍሉ የሳቀበት ቀን እስካሁን በሕልሙ ይመጣበታል። የጅማዋ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ትወድ ነበር፤ በኋላ አንድ መምህር «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብላ ብትጠይቀው «ዝም ብለሽ ቀመሩን ያዢ» ስላላት ፍቅሩ ያን ዕለት አለቀ። የቀሩት ሁለታችን የተለየ ታሪክ የለንም፤ ዝም ብለን ነው የምንፈራው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበራዊ ሳይንስ ስንመርጥ ግማሹ ምክንያታችን ይኸው ነበር። በአንደኛ ዓመት ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠውን የሒሳብ ኮርስም፥ ከአመክንዮና ከስብስብ ጀምሮ እስከ ማትሪክስና ሊሚት ድረስ፥ እንደ ግጥም ሸምድደን አለፍነው። ከፈተናው በሦስተኛው ቀን የቀረን ነገር አልነበረም። «ከእንግዲህ በቃን፤ ተገላገልን» ተባባልን።

ከዚያ በሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ኮርስ መጣ። ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ።

መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ገብተው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ በሰሌዳው ላይ አምስት ቁጥሮች ብቻ ጻፉ፤ 4፥ 6፥ 7፥ 8፥ 10። «እነዚህ አምስት ልጆች ናቸው» አሉ። ለእኛ ቁጥሮች ነበሩ የመሰሉን። አማካያቸውን ሲጠይቁን 7 ብለን በአንድ ድምፅ መለስን፤ ይህንስ ማን ያጣዋል። ቀጥለው እያንዳንዱ ልጅ ከአማካዩ በስንት እንደሚርቅ ጠየቁን። አንዱ በ3 ያንሳል፤ አንዱ በ1 ያንሳል፤ አንዱ ልክ ነው፤ አንዱ በ1 ይበልጣል፤ የመጨረሻው በ3 ይበልጣል። «አሁን ደምሩት» አሉ። ብንደምረው ዜሮ ሆነ። «እንግዲህ በእነዚህ ልጆች መካከል ምንም ልዩነት የለም ማለት ነዋ?» ብለው ዝም አሉ። ክፍሉም ዝም አለ። ልዩነት እንዳለ ዓይናችን ያያል፤ ሒሳቡ ግን የለም ይላል። ከዚያ ቀን በፊት ሒሳብ ሊሳሳት የሚችለው እኛ ስንሳሳት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ትክክል ተሠርቶም ለተሳሳተ ጥያቄ መልስ ሊሆን እንደሚችል ያየነው ያን ጊዜ ነው።

መውጫው እያንዳንዱን ርቀት በራሱ ማባዛት ነው፤ 9፥ 1፥ 0፥ 1፥ 9፤ ድምሩ 20። ይህን ለ5 ሳይሆን ለ4 ያካፍሉታል፤ 5 ይመጣል። የ5 ስኩዌር ሩት 2.24 ያህል ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እያሉ የሚያስፈራሩን ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። (የመጽሔታችን ማባዣ የሒሳብ ምልክቶችን አጥርቶ ስለማያወጣልን ሁሉንም በቃል እንጽፋለን፤ ምናልባት ለአንባቢም ይህ ይሻላል።) ልጆቹ አምስት ሆነው ሳለ ለምን ለ4 እንደሚካፈል የጅማዋ እኅታችን ጠየቀች። የስምንተኛ ክፍሉን መልስ ትጠብቅ ነበር። መምህራችን ግን ጠመኔውን አስቀመጡና፥ «አምስት ሰዎች በአንድ ትሪ አምስት የተለያየ ዳቦ ቢቀርብላቸው፥ አራቱ እየመረጡ ያነሣሉ፤ አምስተኛው ምን ምርጫ አለው?» አሏት። «የቀረችውን መውሰድ ነው» አለች። «አማካዩ አንድ ጊዜ ከታወቀ አራቱ ርቀቶች አምስተኛውን ያስገድዱታል፤ ነጻ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው» አሉ። እርስዋ ያን ዕለት ማታ የተናገረችውን አንረሳውም፤ «ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ቈየሁ።»

ይህን ሁሉ ስንል ነገሩ ወዲያው የቀናን እንዳይመስል። የመጀመሪያው ፈተና ከ30 የሚታረም ነበር፤ አራታችን 14፥ 11፥ 9 እና 7 አመጣን። አማካያችን ዐሥር ከሩብ መሆኑን ያለ ስሕተት አሰላን፤ በዚያ ሳምንት በትክክል የሠራነው ብቸኛ ሒሳብ እርሱ ነበር። ሰባት ያመጣችው የደብረ ማርቆስ እኅታችን ወደ ታሪክ ትምህርት ክፍል ለመዛወር ማመልከቻ ጻፈች። «ታሪክ ዓመተ ምሕረት ነው ያለው እንጂ ሒሳብ የለውም» ትል ነበር። ለቤተሰቧ ግን ምን ብላ እንደምትነግራቸው አጣች። አባቷ በሰፈር ለሚያውቁት ሁሉ «ልጄ የሰው አእምሮ ታጠናለች» ብለው ነበርና። ማመልከቻው በደብተሯ መካከል ተጣጥፎ ከወር በላይ ቈየ።

ያን ወር ከሞላ ጐደል በየማታው ተሰብስበን አጠናን። በመካከሉም፥ ለፈተና የማይጠየቀውን የዚህን ትምህርት አመጣጥ ማንበብ ጀመርን፤ እውነቱን ለመናገር ሒሳቡን ለመሸሽ ነበር። የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ፈላስፋው ካንት በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ስለ ነፍስ የሚደረግ ጥናት ሒሳብን ሊቀበል ስለማይችል እውነተኛ የተፈጥሮ ሳይንስ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። ከእኛ ወገን የነበረ ሰው አገኘን ብለን በጣም ደስ አለን። ደስታችን ግን እስከ ፌክነር ድረስ ብቻ ነበር። ቬበር የተባለው ጀርመናዊ አስቀድሞ ክብደት በማስያዝ ያየው ነገር አለ፤ ሰው የተጨመረለትን ክብደት የሚያውቀው በተጨመረው ልክ ሳይሆን፥ የተጨመረው አስቀድሞ ከያዘው አንጻር በሚኖረው መጠን ነው። በባዶ ጣሳ ላይ አንድ ስኒ ውሃ ብትጨምሩ ይታወቃል፤ በሞላ እንስራ ላይ ግን ተሸካሚዋ ልብ አትለውም። በጨለማ ክፍል አንዲት ጧፍ ስትበራ ሁሉም ዞር ይላል፤ መቶ ጧፍ በሚበራበት ግን አንዲት ብትጨመር ማንም አያያትም። ፌክነር በ1850 ጥቅምት 22 ቀን ጧት ገና ከአልጋው ሳይነሣ የመጣለትን ሐሳብ ይዞ፥ ይህን ነገር ወደ ቀመር ለወጠው፤ በ1860ም መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ስሜት የሚያድገው በሎጋሪዝም ነው አለ። ሎጋሪዝም! በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅመናል?» ብለን የረገምነው እርሱ፥ በገዛ ዓይናችንና በገዛ ትከሻችን ውስጥ ተቀምጦ ቈየን።

ከሁሉ የወደድነው ግን የጎሴትን ታሪክ ነው። ዊልያም ጎሴት በኦክስፎርድ ኬሚስትሪና ሒሳብ ተምሮ በ1899 በደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው ከገብስና ከጌሾው ጋር ነው። (የእነርሱ ጌሾ የእኛው አይደለም፤ ሌላ ተክል ነው፤ ተግባሩ ግን ቢራውን መራራ ማድረግ ስለ ሆነ በዚሁ ስም ይታለፍልን።) የተቸገረውም ናሙናው ጥቂት በመሆኑ ነበር፤ አንድን ገብስ ከሌላው ለማወዳደር አራት ወይም ስድስት ሙከራ ብቻ ይኖረዋል እንጂ እንደ ሊቃውንቱ ሺሕ አይኖረውም። ስለዚህ ከጥቂት ነገር ስንት መናገር እንደሚቻል የሚለካ ዘዴ አበጀና በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» የሚል ስም ተጠቀመ፤ ተማሪ ማለት ነው። እነሆ ዛሬ በየትኛውም የሥነ ልቡና ክፍል ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደር የሚሠራበት ቲ የተባለው ፈተና የእርሱ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ደግሞ ያለ ቀመር ጥንስሱን ቀምሰው ያውቁታል፤ ሆኖም እነርሱ ለመላው ከተማ አይጠምቁም። የደብረ ማርቆስዋ እኅታችን ይህን ባነበብንላት ማታ፥ «ይህ ሰው የቸገረው የእኛው ችግር ነው» አለች። ማመልከቻውን ግን ገና አልቀደደችም።

በሁለተኛው ፈተና 19፥ 17፥ 16 እና 15 አመጣን፤ እርስዋ ከ7 ወደ 15 ወጣች። በዶርም በር ላይ እልል ተባለ። «ጥናታችን አዳነን» ብለን ስንፎክር፥ የአዲስ አበባው ልጅ ያነበበውን አንሥቶ ደስታችንን ቀዘቀዘው። ጎልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1886 የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆቻቸውን ቁመት አስተያይቶ፥ እጅግ የረዘሙ ወላጆች ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው አጠር፥ እጅግ ያጠሩ ወላጆች ልጆችም ረዘም እንደሚሉ አሳይቷል። በፈተናም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ እጅግ ዝቅ ያለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባያጠናም እንኳ በአብዛኛው ወደ መካከል ጠጋ ይላል። ስለዚህ ከእልልታው ስንቱ የጥናታችን ስንቱ የመመለሻው እንደ ሆነ ልናውቅ አንችልም። ሁላችንም ተቈጣነው። እርስዋ ግን ሳቀችና ማመልከቻውን አውጥታ ጀርባው ላይ የጎልተንን ሥዕል ነደፈች፤ አሁንም በዚያው ደብተር ውስጥ አለ።

በዚህ ጊዜ አንድ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ወዳጅ ይረዳን ነበር። ትሑትና ፈጣን ልጅ ነው፤ እኛ አንድ ሰዓት የምንለፋበትን እርሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን በጥናት ሰዓትና በፈተና ውጤት መካከል ያለውን ቁርኝት አሰልተን 0.60 መጣ። እርሱም መልሱን አረጋገጠና «ስለዚህ ውጤቱ በ60 ከመቶ የሚወሰነው በማጥናት ነው» አለን። አይደለም። በመጀመሪያ ነገር 0.60 በራሱ ሲባዛ 0.36 ነው፤ አብሮ የሚለዋወጠው 36 ከመቶው ያህል ብቻ ነው። በሁለተኛ ነገር ይህ ቁጥር የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገርም፤ ምናልባት ጐበዝ ተማሪ ማንበብ ስለሚጥመው ይሆናል ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው፤ ምናልባት ዶርሙ ጸጥ ያለለት ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ወዳጃችን ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ቢሆንም ያ ቀን ለእኛ ትልቅ ቀን ነበር። ከሒሳቡ እርሱ የሚበልጠን እንደ ሆነ፥ ከሒሳቡ በኋላ ባለው አንድ እርምጃ ግን እኛ ልንቀድም እንደምንችል አየን።

እንግዲህ ለጠያቂዎቻችን በቅን እንመልስ። በመጀመሪያ ዲግሪ ሥነ ልቡና ውስጥ ቁጥር በግልጽ የሚመጣባቸው ኮርሶች ጥቂት ናቸው፤ ስታቲስቲክስ፥ የምርምር ዘዴ፥ የሙከራ ሥነ ልቡና፥ የሥነ ልቡና ልኬትና ፈተና፥ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ። በእነዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው የትምህርት ቤት ሒሳብ አራቱ መደቦች፥ ክፍልፋይና መቶኛ፥ የቁጥር አሉታና አዎንታ፥ ማባዛት በራስ እና ስኩዌር ሩት፥ የቀጥታ መስመር ቀመር፥ ሥዕላዊ መግለጫ ማንበብ፥ ዕድልን በክፍልፋይ መጻፍ ነው። ካልኩለስ አልመጣብንም። ማትሪክስ ሊመጣ የሚችለው ወደ ላይኛው ዲግሪ ለሚገፉ ነው። ማስላቱንም ቢሆን ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ ኤስ ፒ ኤስ ኤስ የተባለው ፕሮግራም ከ1968 ጀምሮ አለ። ታዲያ ምኑ ይከብዳል ቢሉን፥ የሚከብደው ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ መልስ መስጠቱ ነው። የማይረባ ጥያቄ ቢጠይቁትም እስከ ሦስት አኀዝ ድረስ አጣርቶ ይመልሳል።

ለምሳሌ ፒ የሚባለውን ቁጥር እንውሰድ። ፊሸር በ1925 ባወጣው መጽሐፍ 0.05ን፥ ማለት ከሃያ አንዱን፥ እንደ ድንበር ከተጠቀመበት ወዲህ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ይህችን ድንበር ለመሻገር ይጣደፋል። ከላይኛው ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ስንረዳ ስንቶቹ «ፒ ከ0.05 ስላነሰ ሐሳቤ በ95 ከመቶ ትክክል ነው» ብለው ሲጽፉ አየን። ቁጥሩ እንዲህ አይልም። የሚለው፥ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ይህን ያህል ነበር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ስለ ሆነ ሰው ያሳጥረዋል፤ ሲያሳጥረውም ይዋሻል። የዚህ መዘዝ በ2015 ታይቷል። ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች ላይ የወጡ 100 የሥነ ልቡና ጥናቶችን ደግመው ሞከሩ። በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶው 97ቱ ድንበሩን ተሻግረው ነበር፤ ሲደገሙ የተሻገሩት 36 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሆኑ። እኛ ይህን ስናነብ ያፈርነው ለሌሎቹ አልነበረም።

ምክንያቱን አሁን እንናገራለን፤ የሚመለከተው ልጅ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ስሙንም የሚማረውንም አንጠቅስም።

ስታቲስቲክስን ካለፍን በኋላ ልባችን አብጦ ነበር። ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ የሚባል መጠይቅ ከአንድ የጥናት ጽሑፍ ላይ በአማርኛ ተተርጕሞ አገኘን። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ምግብ ፍላጎት፥ ስለ ድካም፥ ስለ ሐሳብ መበተን፥ ስለ መከፋትና እነዚህን ስለ መሰሉ ነገሮች፥ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንደ ታዩ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታረማል፤ ጠቅላላው 27 ነው። ብዙ ጊዜ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ የድባቴ ሕመም ይጠረጠርበታል። ለመለማመድ ብለን ከወንዶቹ ጋር በአንድ ክፍል ለሚያድር ወዳጃችን አስሞላነው። 13 አመጣ። ከእኛ አንዱ፥ ማን እንደ ሆነ አንናገርም፥ አራታችንም እዚያው ነበርንና፥ «ስማ አንተ፥ ድባቴ አለብህ እኮ» አለው። በፈገግታ ነበር ያለው። ልጁም ፈገግ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ሻይ መጠጣት ተወ። መብራት ሳይጠፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። በኋላ እንደ ነገረን፥ በቤተሰቡ አንድ አጎት «አእምሮው ተነክቷል» ተብሎ ብዙ ዓመት በቤት ተዘግቶበት ኖሯል፤ እኛ ያልነውን ሲሰማ የታየው ያ የአጎቱ ክፍል ነው። እኛ ግን በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ አይተን «ቁጥሩ ትክክል ነበር» እንባባል ነበር። ዛሬ ይህን ስንጽፍ የሚያሳፍረን ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

በሦስተኛ ዓመት የልኬትና የፈተና ኮርስ ላይ መምህሩ ያንኑ መጠይቅ ለምሳሌ አነሡት። በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2013 በታተመ ጥናት፥ 10ን ድንበር ሲያደርጉት መጠይቁ በእውነት ድባቴ ካለባቸው 86 ከመቶውን ያገኛቸዋል፤ ድባቴ ከሌለባቸው ግን 67 ከመቶውን ብቻ ነው በትክክል የሚለቃቸው። ከዚያ መምህሩ ጠመኔ ሰጡንና «1000 ተማሪዎች ቢሆኑ፥ ከእነርሱም 100ው በእውነት ታመው ቢሆን ብላችሁ አስሉት» አሉ። አሰላነው። ከ100ው ሕመምተኞች 86 ይያዛሉ። ከ900ው ጤነኞች 603 ይለቀቃሉ፤ 297ቱ ግን ሳይታመሙ ይያዛሉ። እንግዲህ «ድባቴ አለብህ» የሚባሉት በጠቅላላው 383 ናቸው፤ በእውነት ያለባቸው 86 ብቻ። ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም። ማባዛት፥ መቀነስ፥ መደመር፥ ማካፈል፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ከእኛ መካከል ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም። የደሴው ልጅ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወጣ፤ ውሃ ሊጠጣ መስሎን ነበር።

ያን ዕለት ማታ አራታችንም ወደ እርሱ ሄድን። ሴቶቹ ወደ ወንዶች ዶርም መግባት ስለማይፈቀድላቸው ከሕንፃው ውጭ በደረጃው ላይ አስጠራነው። ይቅርታ ጠየቅነው፤ ከዚያም ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን አሳየነው፤ 86ቱን፥ 297ቱን፥ 383ቱን። መጠይቁን የሞላው በፈተና ሳምንት መሆኑንም፥ በፈተና ሳምንት ደግሞ የማንም እንቅልፍና ምግብ ልክ እንደማይሆን ነገርነው። ወረቀቱን ወስዶ ከመብራቱ ሥር ብዙ ጊዜ አየው። ሒሳብ አይፈራም፤ ከእኛ ይሻላል። ከዚያ ቀና ብሎ፥ «ጥሩ። ታዲያ እኔ ከ86ቱ ነኝ ወይስ ከ297ቱ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ወረቀቱም አልነበረውም፤ ስለ 383 ሰዎች ይናገራል እንጂ ስለ እርሱ አይናገርም። የጅማዋ እኅታችን «አናውቅም» አለችው። «ይህን የሚያውቅ፥ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግርህ ሰው አለ፤ ብትፈልግ ነገ አብረን እንሄዳለን።» ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ምንም ሳይል ወደ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ጧት ራሱ መጥቶ የደሴውን ልጅ ቀሰቀሰው። ሁለቱ ወደ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት ቢሮ ሄዱ። የደሴው ልጅ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቈየ። ሲወጣ ምን እንደ ተባለ አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀውም። ማታ ግን ከእኛ ጋር ሻይ ሊጠጣ መጣ።